የመታሰቢያ ወንበር በምኒልክ አደባባይ

በአራዳ፣ በምኒልክ አደባባይና በዙሪያው፣ ለመታሰቢያ የቆመው ነገር ጥቂት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ሆነው የሚታዩበት ሐውልት በአደባባዩ ቆሟል። በአጠገቡ በዓድዋ ድል መታሰቢያነት የታነጸው የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ። ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ጥይት በሰማዕትነት ያለፉት የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው ሰፈር ተመርቋል። እነዚህ ሁሉ ቀና ብሎ ለሚያያቸው የተሠሩ ናቸው። እኛ ግን ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው ቀና ተብሎ ስለሚታየው ሳይሆን ዝቅ ተብሎ ስለሚታረፍበት ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው ከመንገዱ ገለል ብሎ የሚቀመጥበት፣ ተቀምጦም ያለፈውን የሚያስብበት፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የሚደርስ የአደባባይ ወንበር ነው።

«የወንበር ነገር ይህን ያህል ሊጻፍበት ይገባልን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዚህ አንባቢ የምንመልሰው ከቋንቋችን ነው። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ነው፤ «መንበር» የሚለውም ስም የሚወጣው ከዚሁ ነው፤ አማርኛችንም ይህንኑ ወርሶ «ወንበር» ብሎታል። «ነበረ» ራሱ ግን ወደ አማርኛ ሲሻገር ትርጓሜው ተለውጦ ያለፈውን ኑሮ መናገሪያ ሆነ። እንግዲህ «አባቴ በዚህ ነበረ» ብለን ብንጽፍ፣ በግእዙ አባቴ በዚህ ተቀመጠ፣ በአማርኛው አባቴ በዚህ ኖሮ አለፈ ማለት ይሆናል። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ይህን ኅብረ ቃል ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፈውም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ቢሆን ከዚህ ቃል ጋር የተሳሰረ ነው፤ ታቦቱ የሚያርፍበት መንበር ይባላል፤ አንድ ሊቅ ትምህርቱን ፈጽሞ ጉባኤ ሲያቆም «ወንበር ዘረጋ» እንላለን፤ ምንም እንኳ ሊቁ የተቀመጠው በአንዲት አጎዛ ላይ ቢሆን።

ነገሩም በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። በአክሱም፣ በጽዮን ቅጥርና በከተማዪቱ ዙሪያ፣ ከሃያ የሚበልጡ የድንጋይ መናብርት መሠረቶች ይታያሉ። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የጥናት ቡድን እየለካና እየሣለ መዝግቧቸዋል። ከብዙዎቹ የቀረው መሠረታቸው ብቻ ነው፤ ሆኖም የጎኑና የጀርባው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይገባበት የነበረው የተፈለፈለ ቦይ በግልጽ ይለያል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ኢዛና ከዘመቻ ሲመለስ ያስጻፈው የድንጋይ ጽሕፈት፣ ድል ለሰጠው ለሰማይ አምላክ ምስጋና መንበር እንዳቆመ ይናገራል። መንበሩን ነቅሎ የሚያጠፋ ቢኖር እርሱም ዘሩም ይነቀል ብሎ ይረግማል፤ ስለ መንበሩ ብቻ ሳይሆን መንበሩን ስለ ተሸከመችው ምድርም ይጠነቀቃል፤ ራሱም ሕዝቡን ሳይበድል በጽድቅ ሊገዛ ቃል ይገባል። የአክሱምን ሐውልቶች ለማድነቅ ዓለም ሁሉ ይመጣል፤ እነዚህን መናብርት ግን ከጎብኚው ብዙው፣ ከእኛም ብዙዎቻችን፣ ሳናያቸው እናልፋለን።

እንዲህ ያለው መንበር በአክሱም ብቻ የነበረም አይደለም። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ካሌብ ዘመን ወደ አዱሊስ ወደብ በመጣ ጊዜ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ መንበር አግኝቶ በላዩ የተቀረጸውን የጽርእ ጽሕፈት ለንጉሡ ገልብጧል። የጽሕፈቱ መጀመሪያ ስለ ጠፋ መንበሩን ያቆመው ንጉሥ ስሙ አልታወቀም፤ የዘመተባቸው አገሮች ስም ግን ተርፏል። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝም በአክሱም የዳኞች መቀመጫ የነበሩ ዐሥራ ሁለት የድንጋይ ወንበሮች በተራ ተደርድረው እንዳየ ጽፏል። እንግዲህ ድልን፣ ምስጋናንና ፍርድን በድንጋይ ወንበር ማስታወስ ከውጭ የተማርነው ጥበብ አይደለም፤ ከሺሕ ስድስት መቶ ዓመት በፊት በእጃችን የነበረ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ምእመናንዋን በማቆም የታወቀች ናት። መቋሚያው ለዚሁ ተሰጠን፤ በቅዳሴም ጊዜ ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ ያዝዛል። ስለዚህ መቀመጥ ከጥንት ጀምሮ ከቅጽሩ ውጭ ወይም በቅጽሩ ጥግ የሚደረግ ነገር ሆኖ ኖረ። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ድንጋይ ላይ ዐረፍ ብሎ መነጋገር፣ ከዛፍ ሥር ጸበል ጻዲቅ መቅመስ፣ የተጣላን ማስታረቅ፣ ወደ ውስጥ ለመግባት ሥርዓቱ ያልፈቀደለት ምእመን ከደጅ ተሳልሞ የሚቆይበት ስፍራ፣ ይህ ሁሉ መቀመጫ ይፈልጋል። የገጠሩ ቤታችንም መደብ አለው። መደብ ከጭቃና ከድንጋይ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራ ነውና ማንም ተሸክሞት አይሄድም፤ በመካከሉም ክፍፍል የለበትም፤ አንድ እንግዳ ቢጨመር የተቀመጡት ጠጋ ጠጋ ይላሉ እንጂ ቦታ የለም አይባልም። የአደባባይ ወንበር ለመሥራት የሚያስብ መሐንዲስ ሁሉ አስቀድሞ አንድ ቀን ሙሉ በመደብ ላይ ቢቀመጥ መልካም ነበር እንላለን።

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ። አራዳ ከሁሉ በፊት ገበያ ነበረ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ሜዳ ከየአውራጃው የመጣው ነጋዴ ቡናውን፣ ጨውን፣ እህሉንና ከብቱን ይሸጥ ነበር። የጣልያን ወራሪ ከተማዪቱን በያዘ ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወረው፤ ለአራዳም በቋንቋው አደባባይ ማለት የሆነውን «ፒያሳ» የሚለውን ስም ትቶለት ሄደ። እንግዲህ በአንድ ሰፈር ሁለት ስም፣ ሁለቱንም የምንጠራቸው ሳንለያይ ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ተቀብተው ዘውድ ጫኑ። ንግሥት ዘውዲቱም ከዚያ በፊት፣ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የነገሡት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወራሪው ግን የዓድዋን ነገር የሚያሳስብ ሐውልት በዓይኑ ፊት እንዲቆም አልወደደምና ከስፍራው አንሥቶ ሸሸገው፤ ካቴድራሉንም በእሳት አቃጠለው። ነጻነት ሲመለስ ሐውልቱ በቦታው ተተከለ፤ ካቴድራሉም ታደሰ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለከተማው ባቡር መሥመር ሥራ ሲባል ከቦታው ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል። በዚህ ሰፈር ተነሥቶ የተመለሰ ነገር ብዙ ነው ለማለት እንችላለን።

ሐውልት ሲነሣ ይመለሳል። ሰፈር ሲነሣስ? በ2016 ዓ.ም. በከተማው የኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የአራዳ የቆዩ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ የከተማዪቱ ዳርቻ ተዛውረዋል። ስለዚህ ሥራ ሰው ሁሉ የየራሱ አስተያየት አለው። ከቤቶቹም ብዙዎቹ ዝናብ የሚያፈስሱ፣ ለመጸዳጃ የማይመቹና ተጨናንቀው የተሠሩ እንደ ነበሩ፣ አዲስ ቤት ያገኘም ሰው ውኃና መብራት በማግኘቱ እንደ ተደሰተ መካድ አይገባም። መንገዱም ሰፍቷል፤ የእግረኛው መሄጃ ተነጥፏል፤ መብራትና መቀመጫም በየስፍራው ተተክሏል። እኛ የምንናገረው ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ እርስዋም የዕድር አግዳሚ ናት።

በአዲስ አበባ የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው ዕድር ድንኳን አለው፤ ድስትና ብርጭቆ አለው፤ ከሁሉም በላይ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ሰው ሲሞት ወጣቶቹ አግዳሚውን ተሸክመው በሟቹ ደጅ ይደረድራሉ። ጎረቤቱ በዚያ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ እየቀመሰ፣ እዝን እየተቀበለ፣ እስከ ሠልስቱና ከዚያም በላይ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ስለ ሟቹ የሚነገረው ሁሉ የሚነገረው በዚያ አግዳሚ ላይ ነው፤ ከየት እንደ መጣ፣ በማን ቤት እንደ ተከራየ፣ ማንን እንዳሳደገ፣ በየትኛው ዘመን ምን እንደ ደረሰበት። ለቅሶ «መቀመጥ» የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የከተማችን እውነተኛው የመታሰቢያ ወንበር፣ ማንም መሐንዲስ ሳይነድፈው፣ ማንም ሹም ሳይመርቀው፣ ይህ በእጅ የሚዞር የእንጨት አግዳሚ ነው። መንደሩ ሲበተን አባላቱ በአንድ ወገን ወደ አንዱ ዳርቻ፣ በሌላ ወገን ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ አግዳሚውን የሚሸከሙት ወጣቶችም ይለያያሉ። አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ለውጦ ለለቅሶ የሚመጣ ጎረቤት አለ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ሊመጣ አይችልም።

በየወሩ በ23 ቀን ግን ይመጣሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነውና የጥንት ጠበሎቹ፣ የጥንት ማኅበርተኞቹ፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁት፣ የተዳሩት፣ ልጆቻቸውን ያስጠመቁት ሁሉ ከያሉበት ይሰበሰባሉ። እኛም በእነዚህ ቀናት ወደዚያ ስንሄድ፣ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው በደረጃውና በመንገዱ ጠርዝ የሚቀመጡ አረጋውያንን እናያለን። አንዲት እናት ወደ አንድ አቅጣጫ እያመለከቱ ለልጅ ልጃቸው ሲናገሩ ሰማን፤ «እዚያ መብራቱ ያለበት ላይ፣ እዚያ ነበር ቤታችን። የእትዬ በር ደግሞ ከእኛ ትይዩ። ጠዋት ጠዋት ቡና ስንጠራራ ድምፃችን ይገናኝ ነበር።» ልጁ የሚያየው የመብራት ምሰሶና የተነጠፈ ድንጋይ ብቻ ስለ ሆነ፣ «የቱ ጋ አያቴ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቃቸው። ኢያሱ ከዮርዳኖስ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ አስወጥቶ ያቆመው እንዲህ ያለ የልጅ ጥያቄ እንደሚመጣ ስላወቀ ነበር። እኒያ እናት ግን የሚያሳዩት ድንጋይ አልነበራቸውም፤ የሚቀመጡበትም የመንገዱ ጠርዝ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይሞላ በመሆኑ ሲነሡ ሁለት ሰው ደገፋቸው።

የውጭው ዓለም በዚህ ነገር ምን እንዳደረገ ማወቅ ይጠቅማልና ጥቂት እንጥቀስ። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሴንትራል ፓርክ፣ ከ10,000 የሚበልጡ አግዳሚ ወንበሮች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሰው ለፓርኩ ገንዘብ ሰጥቶ በአንዱ ወንበር ላይ የሚወደውን ሰው ስም የያዘች ትንሽ ሰሌዳ ሊያስለጥፍ ይችላል። ገንዘቡ ዛፍ ለማጠጣትና ወንበር ለመጠገን ይውላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ሺሕ ዶላር የሌለው ሰው ሟቹን በዚያ ሊያስታውስ አይችልም። ይህ ሥርዓት ወደ አራዳ ቢመጣ ወንበሮቹ ሁሉ በአንድ ሳምንት የባለጠጎችና የድርጅቶች ስም ይሞላባቸው ነበር ብለን እንፈራለን።

ከዚህ ይልቅ ልባችንን የነካው ሌላ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ባሮች መታሰቢያ ሲናገሩ፣ ለእነዚያ ሰዎች ግንብም ሆነ ሐውልት እንደሌላቸው፣ በመንገድ ዳር እንኳ አንዲት ትንሽ ወንበር እንዳልቆመላቸው አዘኑ። በስማቸው የተቋቋመው ማኅበር ይህን ቃል ይዞ እ.ኤ.አ. በ2008 በደቡብ ካሮላይና፣ ብዙ አፍሪካውያን በባርነት በገቡበት በሱሊቫን ደሴት፣ የመጀመሪያዪቱን ወንበር አቆመ፤ ከዚያም በሌሎች ስፍራዎች ቀጠለ። ወንበሯ ተራ አግዳሚ ናት። ማንም ሰው ተቀምጦባት ባሕሩን ማየት ይችላል። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን አጠገብ በፔንታጎን፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 11 ቀን 2001 ለሞቱት 184 ሰዎች 184 መቀመጫዎች ተሠርተው ተመረቁ። መቀመጫዎቹ የቆሙት በሟቾቹ የልደት ዓመት ተራ ነው፤ የመጀመሪያው የሦስት ዓመት ሕፃን፣ የመጨረሻው የ71 ዓመት ሽማግሌ መታሰቢያ ነው። ከእያንዳንዱም በታች ውኃ ይፈስሳል። ሥራው እጅግ የተደከመበትና ያማረ ነው፤ ለእኛ ግን የሱሊቫን ደሴቷ ወንበር ትቀርበናለች፤ ስም የሌላቸውን ሰዎች ታስባለችና።

የአራዳስ ስም የሌላቸው እነማን ናቸው? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከወደቁት ብዙ ሺሕ ሰዎች ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ የተገኘው ጥቂቱ ነው። በቅሎ ጭነው፣ ስንቅ ተሸክመው፣ ውኃ ቀድተው ያን ሁሉ መንገድ የተጓዙት ሴቶችና ወንዶች በፈረስ ላይ ሆነው አልተቀረጹም። ከእነርሱ በኋላ ደግሞ በአራዳ ገበያ የሸጡት፣ በወረራው ዘመን የተገደሉት፣ በየመንደሩ ቤት ሠርተው ልጅ ያሳደጉት አሉ። ስለዚህ አሳባችንን በግልጽ እንናገር፤ በምኒልክ አደባባይና በካቴድራሉ መካከል፣ ወደ ዓድዋ ድል መታሰቢያ በሚወስደውም መንገድ፣ የግለሰብ ሳይሆን የመንደርና የዕድር ስም የተቀረጸባቸው የድንጋይ ወንበሮች ይቁሙ። በአንዱ ላይ «ዶሮ ማነቂያ በዚህ ነበረ» ተብሎ ይቀረጽ፤ ሌላውም እንደዚሁ በመንደሩ ስም ይጠራ። ለዓድዋ ስንቅ ተሸካሚዎች አንድ ወንበር ይበቃል፤ ግን ረጅም ይሁን።

የአሠራሩን ነገር በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ መልካም አሳብ በክፉ አሠራር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አይተናልና። ከፍታው ከመሬት ከ45 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚህ ካነሰ ጉልበቱ የደከመ ሰው ተቀምጦ ለመነሣት ይቸገራል፤ ከበለጠም የአጭር ሰው እግር በአየር ላይ ይንጠለጠላል። ለሽማግሌ መደገፊያ ጀርባ ያስፈልጋል፤ ለመነሻም በእጁ የሚጨብጠው ነገር በዳርና በዳር ይኑር። የመቀመጫው ወለል ዝናብ እንዳይተኛበት ጥቂት ዘንበል ይበል፤ በእኛ ክረምት ውኃ የሚያቁር ድንጋይ እስከ መስከረም አይደርቅም፤ አረንጓዴ ሽበትም ያበቅላል።

ስለ ድንጋዩም እንነጋገር። የአምቦ ድንጋይ ለመጥረብ የዋህ ነው፤ መልኩም ያምራል፤ በከተማችን ብዙ ሕንፃ ለብሶታል። የእኛ ጥቁር ድንጋይ ግን ጠራቢውን ቢያደክምም ጠርዙ ቶሎ አይበላም፤ ብዙ ሰው ለሚቀመጥበት ነገር እርሱን እንመርጣለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ድንጋይ ላይ መቀመጥ አጥንት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ከወንበሮቹ ከፊሉ ከላይ የጽድ ሳንቃ ቢለብስ ጥሩ ነው፤ ጽድ ምስጥና እርጥበት የሚችል እንጨት መሆኑን አባቶቻችን በየቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶ አሳይተውናል። ሳንቃው ሲያረጅ ይለወጣል፤ ድንጋዩ ይቀራል። ከብረትና ከነሐስ የተሠራ የስም ሰሌዳ ግን አንመክርም፤ ብረት በከተማችን ሌሊት እግር ያወጣል። ፊደሉ በድንጋዩ ላይ ጠለቅ ተደርጎ ይቀረጽ። የግእዝ ፊደል ደግሞ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንዲት የእግር ቅጥያ ወይም የጎን ቀለበት ብትደመሰስ ካዕቡ ግዕዝ፣ ሣልሱም ግዕዝ መስሎ ይነበባል፤ ስሙም ሌላ ስም ይሆናል። ስለዚህ ከጠራቢው ጋር ፊደል የሚያውቅ ጸሓፊ አብሮ ይቁም።

አቀማመጣቸውስ? በአንድ ረድፍ ፊታቸውን ወደ መኪናው መንገድ አድርገው የተተከሉ ወንበሮች ለማረፍ እንጂ ለመነጋገር አይሆኑም። ሰዎቻችን በለቅሶ ድንኳንም ሆነ በሽምግልና የሚቀመጡት ፊት ለፊት ወይም ዙሪያውን ነው። ስለዚህ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ይሠሩ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ወደ ካቴድራሉ ጉልላት ይመልከት፤ ከውጭ ለሚሳለም ሰው ይረዳል። ጥላም ያስፈልጋል። ዋርካ ግርማው ደስ ቢልም ሥሩ ንጣፉን ይገለብጣልና ለጠባብ ስፍራ አይስማማም፤ ወይራና ጽድ ግን ቀስ ብለው ቢያድጉም ለሚመጣው ትውልድ ይበቃሉ። እስከዚያው ድረስ ለአሥር ዓመት ያህል ፀሐይ ለሚበዛበት ሰው ጃንጥላ አለው፤ ክርስቲያን ቤት ጃንጥላ አይጠፋም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። ወንበር ቢሠራ ሌሊት የሚያድርበት ሰው ይኖራል። በአራዳ መንገድ የሚያድሩ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፍለጋ መጥተው የተሳናቸው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚለምኑ ነዳያን እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ባለሥልጣናትና ብዙ ባለ ሱቆች በዚህ ምክንያት ወንበር ባይኖር ይመርጣሉ። በለንደን ከተማ የካምደን ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተከለው የኮንክሪት ወንበር በዚህ የታወቀ ነው። ገጹ ሁሉ ዘንበል ዘንበል ብሎ ስለ ተሠራ ማንም ሊተኛበት አይችልም፤ ተቀምጦም ብዙ መቆየት ይቸግራል። በሌላም ስፍራ በአግዳሚው መካከል የብረት መደገፊያ እያስገቡ ሰው እንዳይጋደምበት ያደርጋሉ። ከላይ በዳርና በዳር እንጂ በመካከል መደገፊያ ይሁን ያላልነው ስለዚህ ነው። አብርሃም በድንኳኑ ደጅ በዛፍ ሥር ተቀምጦ እንግዶችን በተቀበለ ጊዜ አስቀድሞ ማንነታቸውን አልመረመረም። ለዓድዋ ዘማቾች መታሰቢያ በተሠራ ወንበር ላይ አንድ ድኻ ቢያድርበት የዘማቾቹ ክብር ይቀንሳል ብለን አናምንም። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ራሳቸው በሜዳ ያደሩ ነበሩ። የነዳያኑ ችግር መፍትሔ ያስፈልገዋል፤ መፍትሔው ግን መጠለያና ሥራ ነው እንጂ የወንበር ጠርዝ አይደለም።

በጽዳቱና በጥገናው በኩል የሚነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው። የተተከለ ነገር ባለቤት ካላገኘ በሁለት ክረምት ውስጥ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። እዚህ ላይ ዕድሮቹ ሊረዱ ይችላሉ ብለን እናስባለን። ከአራዳ የተበተኑት ዕድሮች ከፊሎቹ አባላታቸው በያሉበት ሆነው እንኳ መዋጮ መክፈላቸውን አልተዉም። ስማቸው የተቀረጸበትን ወንበር በየወሩ በ23 ቀን ማጠብ፣ ሳንቃው ሲሰበር ማስጠገን፣ ችግኙን ማጠጣት ለአንድ ዕድር ከባድ ሸክም አይሆንም። የካቴድራሉ ሰበካ ጉባኤ ውኃና ማስቀመጫ ቦታ ቢሰጥ፣ የከተማው አስተዳደር ቦታውንና የድንጋዩን ወጪ ቢችል፣ ሥራው በሦስት እጅ ይከፈላል። የማን መንደር የት ላይ እንደ ነበረ ለማወቅ ደግሞ ካርታው ብቻ አይበቃም፤ የዕድሮቹ መዝገብ መታየት አለበት። ብዙ መዝገቦች በጸሓፊዎቹ ቤት በሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በስደትና በቤት ለውጥ ጊዜ የጠፉም ይኖራሉ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ መዝገብ ያላችሁ አንባብያን ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ከቻላችሁም ቅጂ አድርጉለት፤ የአባላቱን ስም ብቻ ሳይሆን ቤታቸው በማን ቤት ትይዩ እንደ ነበረ አረጋውያኑ እያሉ ጠይቃችሁ በዳሩ ጻፉበት።

ጠራቢዎች እንደሚነግሩን ጥቁር ድንጋይ ጠርቦ ለማቆም የሚመቸው ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ወራት ነው፤ ችግኙ ግን በሰኔ መጀመሪያ ቢተከል ዝናቡ ራሱ ያሳድገዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ በሚያዝያ ይቆፈር፤ ድንጋዩም ከዓመታዊው የሚያዝያ 23 በዓል በፊት ይድረስ፤ በዚያን ዕለት ቅዳሴው ሲያበቃ አረጋውያኑ ከመንገዱ ጠርዝ ተነሥተው የሚቀመጡበት ቢያንስ አንድ ወንበር ይኑር።